ስለ «ስንጥቅ»፣ ስለ «ማፍሰስ»ና ስለ «መድፈን»፤ በአንድ የግንባታ መመሪያ ትርጉም ላይ የቀረበ ሂስ

ውኃ የሚያሳልፍ የኮንክሪት መሠረት ግድግዳ እንዴት እንደሚታደስ የሚያስረዳ አንድ አነስተኛ የሥራ መመሪያ በ2011 ዓ.ም. ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ተተርጕሞ ለግንበኞችና ለሥራ ተቆጣጣሪዎች ታድሎ ነበር። የአማርኛው ዐረፍተ ነገር የቀና፣ ሥርዐተ ነጥቡ የተሟላ፣ ከእንግሊዝኛው የጐደለ አንቀጽ የሌለበት ሥራ ነው። በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው ሂስ ተርጓሚውን ለመንቀፍ የታሰበ አይደለም። ተርጓሚው የመረጡትን ቃል ሁሉ አንድ በአንድ መርምሮ «ተስማሚ ነው» ብሎ የፈረመ አራሚ አለ፤ ሂሱ የሚመለከተው ይህን አራሚ ነው። አራሚውም እኔ ነበርሁ።

ስለ ጉዳዩ እንድጽፍ ያስገደደኝ ነገር የሚከተለው ነው። በ2013 ዓ.ም. በየካቲት ወር አንድ ተቋም የቃላት ካርዶቹን የሚያኖርበት የምድር ውስጥ ክፍል ግድግዳ በዚሁ መመሪያ መሠረት ተሠራ። እዚህ ላይ «ምድር ቤት» ከማለት የተቈጠብሁት ቃሉ ለአንዱ ከመሬት በታች ያለውን ክፍል፣ ለሌላው ከመሬት እኩል የሆነውን የመጀመሪያ ወለል ስለሚያመለክት ነው፤ መመሪያው ራሱ ሳይለይ በሁለቱም ፍች ተጠቅሞበታል። ሠራተኞቹ በግድግዳው ላይ ከላይ እስከ ታች የወረደውን ስንጥቅ እንደ ታዘዙት አጽድተው የኢፖክሲ ሙጫ በግፊት ሞሉበት። ሥራው በንጽሕና የተሠራ ነበር፤ ሄጄ አይቼዋለሁ። በሐምሌ ወር ግን ከተሞላው መሥመር አንድ ስንዝር ያህል ርቆ አዲስ ስንጥቅ ተከፈተ፤ ውኃውም በዚያ በኩል ገባ። ከታችኛው መደርደሪያ የነበሩት ሣጥኖች በውኃ ተነከሩ። በእነዚህ ሣጥኖች ውስጥ ከሸክላ ሠሪዎች፣ ከግንበኞችና ከአናጢዎች አንደበት የተለቀሙ ቃላት ነበሩ። ብዙዎቹ ካርዶች በፈሳሽ ቀለም የተጻፉ ስለ ነበሩ ጽሑፋቸው ተደበላልቆ አይነበብም። ከለቃሚዎቹም ከተናጋሪዎቹም ዛሬ በሕይወት የሌሉ አሉና የጠፋው ሁሉ እንደገና አይለቀምም።

ሠራተኞቹ ምን አጠፉ ብለን ብንጠይቅ መልሱ «ምንም» ነው። በኋላ አንድ መሐንዲስ እንዳስረዱኝ ሕንጻው የቆመው መረሬ አፈር ላይ ነው። ይህ አፈር በቦሌና በሌሎችም የአዲስ አበባ ክፍሎች የሚገኝ ሲሆን፣ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሸሻል። በላዩ የቆመ ግድግዳ ስንጥቅ ካለው ስንጥቁ ከወቅቱ ጋር ይከፈታል፣ ይጠባል። ኢፖክሲ በትክክል ሲሠራበት የስንጥቁን ሁለት ወገኖች እንደ አንድ አካል አድርጎ ይይዛል፤ መጐተትን የመቋቋም ኀይሉም ከኮንክሪቱ ይበልጣል። መላወሱን ያልተወ ግድግዳ በአንድ መሥመር ሲታሰር ከዚያው አጠገብ በደከመው ቦታ ይሰነጠቃል። ለእንዲህ ያለው ስንጥቅ የሚያስፈልገው ውኃውን እየከለከለ አብሮ የሚለጠጥ ሙጫ ነበር።

የእንግሊዝኛው መመሪያ ይህን አልዘነጋም። ሁለት የተለያዩ ምዕራፎች አሉት፤ አንደኛው የተሰነጠቀውን ግድግዳ እንደገና ጭነት እንዲሸከም ስለ ማድረግ፣ ሁለተኛው ውኃን ስለ መከልከል ይናገራል። በአማርኛው የመጀመሪያው ምዕራፍ ርእስ «ስንጥቅን ስለ መድፈን»፣ የሁለተኛው ርእስ «የሚያፈስ ስንጥቅን ስለ መድፈን» ሆኖ ወጣ። ሥራው የተሠራው በየካቲት ነው፤ በየካቲት ደግሞ ስንጥቁ አያፈስም። ሠራተኛው የመጀመሪያውን ምዕራፍ መያዙ የአማርኛውን ቃል በሚገባ ማንበቡን ያሳያል።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ «ደፈነ» የሚለውን ግሥ መመርመር ይገባል። ጕድጓድ ይደፈናል፤ ቀዳዳ ይደፈናል። ቃሉ ባዶ የነበረው መሙላቱን ይናገራል እንጂ፣ በባዶው ግራና ቀኝ ያሉት ወገኖች እርስ በርሳቸው መያያዛቸውን አይናገርም። «ጠገነ» ከዚህ የተለየ ነው። ወጌሻ የተሰበረ አጥንት ይጠግናል፤ የተጠገነው እግርም ሰውየውን ተሸክሞ ይሄዳል ተብሎ ይጠበቃል። ወጌሻው አጥንቱን «ደፈነው» የሚል ተናጋሪ አላጋጠመኝም። «ወተፈ» ደግሞ ጨርቅም ሆነ ጭቃ ጠቅጥቆ ለጊዜው መዝጋት ነው፤ ውታፍ እንደሚነቀል ሁሉም ያውቃል። «መረገ»፣ «ለሰነ»፣ «ለቀለቀ» የሚሉት ከላይ የሚደረግ ሥራን ያመለክታሉ፤ ወደ ስንጥቁ ውስጥ አይዘልቁም። እነዚህ ሁሉ በየቤቱ የሚነገሩ እንጂ በመዝገብ ተቀብረው የቀሩ ቃላት አይደሉም። መመሪያው ግን ከእነዚህ መካከል አንዱን ብቻ ይዞ ለሁሉም አውሎታል።

ተርጓሚው ለዚህ ምክንያት ነበራቸው፤ እኔም ተቀብዬው ነበር። «ጥገና» ዛሬ የመኪናውም፣ የመንገዱም፣ የኮምፒዩተሩም ሥራ ስም ስለ ሆነ ትርጉሙ ላልቷል አሉ። እውነት ነው፤ ስሙ ላልቷል። ግሡ ግን ተሳቢው ተለይቶ ሲነገር አሁንም ጥንካሬው አለው። ስለሆነም ጭነት ለማሸከም የሚደረገውን «አያይዞ መጠገን»፣ ውኃን ለመከልከል የሚደረገውን «መድፈን»፣ ፈጥኖ በሚጠነክር ሲሚንቶ የሚወርድን ውኃ ለጊዜው ማቆምን «መወተፍ» ብንል ግንበኛው ማብራሪያ አይጠይቀንም። በደቂቃዎች ውስጥ የሚጠነክረውን ይህን ሲሚንቶ በእጁ ይዞ ውኃው በሚፈልቅበት ቀዳዳ የሚጠቀጥቅ ሠራተኛ የሚሠራውን ለተመለከተ ከ«ወተፈ» የተሻለ ቃል አይመጣለትም።

የአውሮፓ የደረጃ ሰነድ ኢኤን 1504 በክፍል 5 ለስንጥቅ መሙያ የሚሆኑ ቁሳቁሶችን እ.ኤ.አ. በ2004 ሲመድብ ያደረገው ለመዝገበ ቃላት ሰዎች ትምህርት ሊሆን ይችላል። ምድቦቹ ሦስት ናቸው፤ በ«ኤፍ»፣ በ«ዲ»ና በ«ኤስ» ፊደላት ይታወቃሉ። የመጀመሪያው ኀይል የሚያስተላልፍ፣ ሁለተኛው የሚለጠጥ፣ ሦስተኛው ውኃ እየሳበ የሚያብጥ ነው። ቁሳቁሱ ከምን እንደ ተሠራ ሳይሆን ግድግዳው ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ነው የመደባቸው። እኛ በአንጻሩ ኢፖክሲንና ፖሊዩሬቴንን በአማርኛ እንዴት እንሰይም እያልን ስንከራከር ሁለት ስብሰባ አጠፋን። የኬሚካሉ ስም በቆርቆሮው ላይ ተጽፏል፤ እንዳለ ቢቀር ማንንም አይጎዳም። ሠራተኞቹ ሁለቱንም «ኮላ» ይሏቸዋል፤ ይህን ቃል ከጣሊያን ከወረሱት ከ«ፌሮ»ና ከ«ብሎኬት» ጋር ይዘውት ኖረዋል። ልዩነቱ መቀመጥ ያለበት በስሙ ሳይሆን በግሡ ነበር።

ወደ «ስንጥቅ» ልለፍ። መመሪያው በልስን ፊት ላይ ከሚታየው የፀጉር ያህል ቀጭን መረብ ጀምሮ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር እስከሚከፍለው ድረስ ሁሉንም «ስንጥቅ» ይላል። ይሁን እንጂ «ሰነጠቀ» ፋስና ግንድን የሚያስታውስ ግሥ ነው፤ አንድ ነገር ለሁለት መከፈሉን ያመለክታል። ተናጋሪው ለቀጫጭኑ ሌላ ሥር አለው፤ ይኸውም «ነቃ» የሚለው ነው። እንስራ የምትገዛ ሴት በጣቷ አንጓ መታ መታ አድርጋ ድምፁን ትሰማለች፤ ሸክላው ነቅቶ እንደ ሆነ በዓይን ባይታይም በድምፅ ይለያል። የደረቀ መሬትም ተረከዝም ንቃቃት አለው። በበኩሌ ለነጠላው «ንቃት» ብንል እወድድ ነበር፤ ዳሩ ግን ይህን መልክ ሕሊና አስቀድሞ ወስዶታል፤ በተለይም ከ1966 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመታት ስንት ጊዜ እንደ ተነገረ የሚያስታውስ ሰው የግድግዳ ንቃት ሲባል ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ግድግዳውን ዘልቆ ለሚከፍለው «ስንጥቅ»፣ በፊቱ ላይ እንደ መረብ ለሚዘረጋው «ንቃቃት» የሚለውን አቀርባለሁ። መለየቱ ገንዘብም ያድናል፤ ንቃቃት በአብዛኛው በልስን ወይም በቀለም የሚያልፍ ሲሆን ስንጥቅ ግን መርማሪ ይፈልጋል።

ለዚሁ ተከታይ የሆነው «ሕያው ስንጥቅ» እና «ሙት ስንጥቅ» የሚለው ጥንድ ነው። በእንግሊዝኛው የሚንቀሳቀሰውና የማይንቀሳቀሰው ስንጥቅ የሚጠሩበት አነጋገር ቃል በቃል ተገልብጦ ነው የመጣው። አንድ የሥራ ተቆጣጣሪ «ሙት» የተባለውን ሳይጠገን የሚተው ስንጥቅ አድርገው ተረድተውት ነበር፤ ሙት ነገር ምን ይደረግለታል? እኔ «የሚላወስ» እና «የረጋ» እላለሁ። ሁለቱ የሚለዩበት መንገድ ከቃሉ ጋር አብሮ መሰጠት አለበት። በስንጥቁ ላይ አግድም ትንሽ ጄሶ ይለጠፍና ቀኑ ይጻፍበታል፤ ጄሶው ከተሰነጠቀ ስንጥቁ ይላወሳል። መረሬ ላይ ለቆመ ሕንጻ ክረምትንም በጋንም ያላየ ጄሶ ምስክር አይሆንም።

ከዚህ ጋር የሚሄድ፣ ነገር ግን ደስ የሚያሰኝ ጉዳይ አለ። ቀጭንና የረጋ ስንጥቅ ውኃ ሲያገኘው ከኮንክሪቱ የሚሟሟው ካልሲየም ከአየርና ከውኃ ከሚገኘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር እየተዋሐደ ነጭ ነገር ይፈጥርና ስንጥቁን ራሱ ይዘጋዋል። መመሪያው ይህን «ራስን በራስ የመፈወስ ክሥተት» ብሎታል። አራት ቃል! ቁስል ሲጠግግ ያላየ ኢትዮጵያዊ የለም። «ስንጥቁ ጠግጓል» ቢባል ምን ይጐድላል? ይህን ቃል በእርማቱ ጊዜ አስቤው ነበር፤ «ለሳይንስ ጽሑፍ አይመጥንም» ብዬ ተውሁት። ዛሬ ለራሴ የማልምረው አንዱ ይህ ነው።

«ማፍሰስ» የሚለው ቃል ሌላ ዓይነት ችግር አለበት። ጣራም ያፈሳል፤ እንስራም ያፈሳል። ከእንስራው ውኃ ይወጣል፤ በጣራው ውኃ ይገባል። በዕለት ንግግር ይህ ማንንም አያደናግርም፤ የውኃ ማጠራቀሚያንና የምድር ውስጥ ክፍልን በአንድ ምዕራፍ ለሚያስተምር መመሪያ ግን አቅጣጫው ሁሉም ነገር ነው። ከዚህም በላይ መጠኑ አይታወቅም። ከላይ የተጠቀሰው የአውሮፓ ሰነድ የስንጥቅን የውኃ ሁኔታ በአራት ይከፍለዋል፤ ደረቅ፣ እርጥበት ያለው፣ ውኃ የያዘና ውኃ የሚፈስበት። ለደረቅ ስንጥቅ የሚሆን ሙጫ ሁሉ ውኃ ለሚፈስበት ስለማይሆን አከፋፈሉ የማዕረግ ጉዳይ አይደለም። አማርኛ በዚህ ረገድ ድኻ አይደለም፤ ግድግዳ ይወዛል፣ ይረጥባል፣ ያዣል፣ ያንጠበጥባል፣ ያፈሳል። በተለይ «አዠ» ቁስልን ስለሚያስታውስ ተርጓሚዎች ይሸሹታል፤ ይሁንና ጠብታ ሳይሆን ሳያቋርጥ ቀስ እያለ የሚወጣን ፈሳሽ እንደ እርሱ የሚገልጥ ግሥ የለም። በ«ወዛ» ላይ ግን መጠንቀቅ ያሻል። የግድግዳ ወዝ ከውጭ የመጣ ውኃ ላይሆን ይችላል፤ የክፍሉ አየር የያዘው እርጥበት ከቀዝቃዛ ግድግዳ ጋር ሲገናኝም ይወዛል። አንድ ቁራጭ ፕላስቲክ በግድግዳው ላይ ዙሪያውን በሚገባ ተለጥፎ አንድ ሁለት ቀን ቢቆይ፣ ውኃው በፕላስቲኩ ፊት ከታየ የክፍሉ፣ ከጀርባው ከታየ የግድግዳው ነው። እንግዲህ ለመጀመሪያው «ወዛ»፣ ለሁለተኛው «ረጠበ» ቢመደብ ሁለቱ ቃላት ያለ አዲስ ፍጥረት ሥራቸውን ይከፋፈላሉ።

ስለ አቅጣጫ ካነሣን ዘንድ በእንግሊዝኛ ውኃ የሚገፋው የግድግዳ ፊትና ተቃራኒው ፊት በሒሳብ ምልክቶች ስም ይጠራሉ። መመሪያው «አዎንታዊ ገጽ»ና «አሉታዊ ገጽ» ብሏቸዋል። ይህ ከሁሉ የከፋው ነው፤ አንባቢው መልካሙንና መጥፎውን ፊት እንጂ ውጭውንና ውስጡን አያስብም። «የውኃው ወገን»ና «የቤቱ ወገን» ማለት ይበቃል። ውኃ በየ1 ሜትሩ ጥልቀት በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ቶን ያህል ይገፋል፤ 3 ሜትር ጥልቀት ባለው ግድግዳ ግርጌ፣ አፈሩ እስከ ላይ በውኃ ከተሞላ፣ ግፊቱ 3 ቶን ይደርሳል። በቤቱ ወገን የተቀባ ስቱኮ ወይም ልስን ይህ ሁሉ ከኋላው እየገፋው ተላቆ መውደቁ ስለዚህ አያስደንቅም።

አንድ ቃል ብቻ በግልጽ ስሕተት ነው፤ የቀሩት ጕድለቶች ናቸው። መመሪያው በአዲስ ኮንክሪት ወይም በሲሚንቶ ስለ ታደሰ ቦታ ሲናገር «ለ7 ቀን ይድረቅ» ይላል። እንግሊዝኛው የሚለው «ኪዩሪንግ» ነው፤ ይህም ሲሚንቶው እንዲጸና እርጥበቱን ጠብቆ ማቆየት ነው። ኮንክሪት የሚጠነክረው በመድረቅ አይደለም፤ ሲሚንቶው ከውኃ ጋር በመዋሐድ ነው። ቶሎ የደረቀ ኮንክሪት ይኮማተራል፤ የተኮማተረውም ይሰነጠቃል። ነባር ግንበኞች ጠዋትና ማታ ውኃ ማጠጣትን ከጌቶቻቸው ተምረዋልና መመሪያውን አልፈውት ሄዱ፤ ጀማሪዎቹ ግን የተጻፈውን አከበሩ። ለሙጫም ለሲሚንቶም የሚሆነው ቃል «መጽናት» ነው፤ ሲሚንቶ «ውኃ እየጠጣ ይጸናል»፣ ሙጫ «በዕለቱ ይጸናል» ቢባል አንዱን ግሥ በሁለቱም ቦታ ያለ ስሕተት እንጠቀምበታለን። ይህን ስሕተት በእርማቱ ጊዜ አለማየቴ የሚያስረዳው አንድ ነገር ነው፤ ቃሉን ከእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ጋር እንጂ ከግንበኛ ጋር አላመሳከርሁትም።

በመጨረሻ ስለ አሠራሩ ስም። ሙጫው ከስንጥቁ ጋር በተገጠሙ ትንንሽ አፎች በኩል በግፊት ይገባል፤ በቀጥ ያለ ስንጥቅ ከታችኛው አፍ ይጀመርና ሙጫው ከበላዩ ባለው አፍ ሲታይ ወደዚያ ይታለፋል። መመሪያው «በመርፌ መውጋት» አለው፤ አንዳንዶች ደግሞ «መርጨት» ይላሉ። መርጨት ከፊት ላይ የሚቀር ሥራ ነው። የአሜሪካ ኮንክሪት ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ሪፖርት ኢፖክሲ 0.05 ሚሊሜትር ያህል ወደ ጠበበ ስንጥቅ ሳይቀር ሊገባ እንደሚችል ተገልጧል፤ እንዲህ ያለውን ለመናገር «ማስረጽ» የሚስማማ ይመስለኛል። በዚህ ላይ አንድ የግእዝ ዐዋቂ ወዳጄ ተቃውመውኛል። በግእዝ «ሠረጸ» መብቀል፣ መውጣት ነው፤ እርስዎ ግን ለመግባት አዋሉት አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ነገር ግን በአማርኛ ውኃ ወደ መሬት ሲሰርጽ የሚወጣ ነገር የለም። ቃሉ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲሻገር አቅጣጫውን ከለወጠ ቆይቷል፤ ግንበኛውን በግእዙ ልንመልሰው አንችልም። ተርጓሚው ይህን ሐሳብ ተቀብለውታል፤ «አያይዞ መጠገን»ን ግን ረዥም ነው ብለው ገና አልተቀበሉም።

የእርማት ዝርዝሩ ለመመሪያው አዘጋጆች ተልኳል። ሁለት ጥያቄዎች ሳይመለሱ ቀርተዋል። አንደኛው ውኃ እየሳበ ለሚያብጠው ለሦስተኛው ምድብ ነው፤ ለጊዜው «አባጭ መድፈኛ» ብዬዋለሁ፤ አልወደድሁትም። ሁለተኛው በስንጥቁ ላይ ለሚገጠመው፣ ሙጫው ለሚገባበት ትንሽ አፍ ነው። በሥራው ቦታ ስጠይቅ አንዱ «አፍ»፣ ሌላው «ጡት»፣ ሦስተኛው «ቫልቭ» አሉኝ። በውኃ ከተበላሹት ካርዶች መካከል የጠላ ጋንና የእንስራ ክፍሎች ስሞች የተጻፉባቸው ነበሩ፤ ምናልባት ከእነርሱ አንዱ ይስማማ ነበር። ከሸክላ ሠሪዎች የለቀመው ያለው አንባቢ ለዝግጅት ክፍሉ ቢጽፍልን፣ ቃሉን ከተናገረው ሰው ቀበሌ ጋር እንመዘግበዋለን።